54 ለባዶ፦ የለንደን ቦሮ ምርጫ ውጤት እንዴት ይነበባል?

ሉዊሻም በምትባል የለንደን ቦሮ የሚኖር አንድ ወዳጄ የ2022ቱን የአካባቢ ምርጫ ውጤት በስልኩ ከፍቶ አሳየኝ። ሌበር ፓርቲ 54 ወንበር። ሌላው ሁሉ ዜሮ። «ሌላ ሰው አልተወዳደረም እንዴ?» አለኝ።

ተወዳድሯል። ኮንሰርቫቲቩም፣ ግሪኑም፣ ሊበራል ዴሞክራቱም ዕጩ አቅርበዋል። ብዙ ሺህ ድምፅም አግኝተዋል። ወንበር ግን አንድም አልደረሳቸውም። ወዳጄ ትንሽ አሰበና «ይሄን ነገር የት ነው የማውቀው?» አለ።

የሚያውቀው አዲስ አበባ ነው። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን ጠርጎ ወስዷል። ያኔም ኢሕአዴግን የመረጠ አዲስ አበቤ አልጠፋም ነበር። ወንበሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ሕዝቡ ሁሉ ወደዚያ ወገን ሄዷል ማለት አይደለም። ለንደን ላይ ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቦሮ የሚባለው ምንድን ነው? ለንደን በ32 ቦሮ የተከፈለች ከተማ ናት። መሀሏ ላይ ያለችው ሲቲ ኦፍ ለንደን የራሷ ጥንታዊ አስተዳደር ስላላት ከዚህ ቁጥር ውጪ ናት። ለእኛ ቦሮ ማለት ክፍለ ከተማ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ቦሮው ደግሞ ዋርድ በሚባሉ ሰፈሮች ይከፋፈላል። ዋርድና ወረዳ በድምፅም በሥራም መመሳሰላቸው ገጠመኝ ነው፤ ለማስታወስ ግን ይመቻል።

ቦሮው የሚመራው እኛ «ካውንስል» በምንለው ምክር ቤት ነው። ካውንስል ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካውንስል ቤት፣ ካውንስሉ ወደሚያከራየው ቤት ነው፤ ትክክል ነው። የቤት ወረፋው፣ ቆሻሻ ማንሳቱ፣ የመኪና ማቆሚያ ፈቃዱና ቅጣቱ፣ ላይብረሪው፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ የአረጋውያንና የልጆች እንክብካቤው የካውንስሉ ሥራ ነው። ሜትሮፖሊታን ፖሊስ፣ አውቶቡስና ባቡር፣ ሆስፒታል ግን አይደሉም። ፖሊሱንና ትራንስፖርቱን የሚመለከተው የለንደን ከንቲባ ነው፤ እሱ በሌላ ምርጫ ይመረጣል። ስለ ሆስፒታል ወረፋ በካውንስል ዕጩ ላይ የሚቆጣ ሰው ቁጣው ልክ ቢሆንም አድራሻውን ስቷል።

ምርጫው በየአራት ዓመቱ ሜይ ወር ላይ ይካሄዳል። በ32ቱም ቦሮ ያለው ወንበር ሁሉ በአንድ ቀን ለውድድር ይቀርባል። ሜይ 5 ቀን 2022 ለውድድር የቀረቡት 1,817 ወንበሮች ነበሩ። ሌበር 21 ካውንስል፣ ኮንሰርቫቲቭ 5፣ ሊበራል ዴሞክራት 3፣ ታወር ሃምሌትስ ውስጥ ብቻ የሚንቀሳቀሰው አስፓየር 1 ወሰዱ። ሁለት ቦታ ላይ ከግማሽ በላይ ወንበር ያገኘ ፓርቲ አልነበረም። ስለ እነሱ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙው ዋርድ የሚመርጠው አንድ ተወካይ ሳይሆን ሦስት ነው። አንዳንዱ ሁለት፣ ጥቂቱ ደግሞ አንድ ብቻ ይመርጣል። ባለ ሦስት ዋርድ ውስጥ የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ እስከ ሦስት ምልክት ማድረግ ይቻላል። ሦስቱንም ለአንድ ፓርቲ መስጠት ይቻላል፤ ከየፓርቲው መቀላቀልም ይቻላል፤ አንድ ብቻ መርጦ ሁለቱን መተውም ይቻላል። ከዚያ ድምፅ ይቆጠርና ብዙ ያገኙት ሦስቱ ይገባሉ። አራተኛው በአንድ ድምፅ ቢበለጥም ቤቱ ይገባል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ዋርድ ውስጥ 1,000 ሰው ወጥቶ መረጠ እንበል። 400ው ቀይ ፓርቲን፣ 350ው ሰማያዊን፣ 250ው አረንጓዴን ይወዳሉ። ሁሉም ሦስቱንም ምልክት ለወደዱት ፓርቲ ዕጩዎች አደረጉ። ቀዮቹ ሦስት ዕጩዎች እያንዳንዳቸው 400 አገኙ። ሰማያዊዎቹ 350፣ አረንጓዴዎቹ 250። ሦስቱም ወንበር የቀይ ሆነ! ከ1,000 ሰው 600ው ቀይን አልመረጠም፤ ወንበር ግን የለውም። ይህ 18 ዋርድ ላይ እንዲሁ ቢደጋገም 54 ለባዶ ይሆናል። ድምፅ መስረቅ አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ራሱ ይበቃል።

ሉዊሻም ብቻዋንም አይደለችም። በዚያው ምሽት ባርኪንግና ዳገንሃም 51 ለባዶ ወጥቷል። የዚህ ቦሮ ታሪክ ደግሞ ልብ ይነካል። በ2006 ስደተኛ ጠሉ ቢኤንፒ የሚባለው ፓርቲ እዚያ 12 ወንበር ይዞ ሁለተኛ ሆኖ ነበር። በ2010 የአካባቢው ምርጫ ከአገር አቀፉ ምርጫ ጋር በአንድ ቀን ዋለ። ሕዝቡ በብዛት ወጣ። ቢኤንፒ 12ቱንም አጣ፤ ሌበር 51 ከ51 ወሰደ። ይህ አቆጣጠር ትንሽ ፓርቲን በአንድ ሰፈር ብድግ ያደርጋል፤ ወዲያው ደግሞ ድምጥማጡን ያጠፋል። እኔ እንደማስበው ጠቅላላ መጥረግ ለካውንስል አይበጅም። ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት ውስጥ በጀቱን አገላብጦ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። የሚጠይቁት የገዢው ፓርቲ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ እነሱም ነገ ሹመት ይፈልጋሉ።

ከዚህ የሦስት ምልክት ነገር ሌላም ጣጣ ይወለዳል። የውጤቱን ሰንጠረዥ አይተው የሁሉንም ዕጩ ድምፅ የሚደምሩ አሉ። ያ ድምር የሰው ቁጥር አይደለም፤ የምልክት ቁጥር ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 1,000 ሰው 3,000 ምልክት አድርጓል። አንድ ትንሽ ፓርቲ ደግሞ አንድ ዕጩ ብቻ ሊያቀርብ ይችላል። ሦስት ዕጩ ካቀረበው ጋር ድምሩን ማወዳደር አንድ እንጀራን ከሦስት እንጀራ ጋር እንደ መመዘን ነው። ስለዚህ «ፓርቲው ስንት ከመቶ አገኘ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ሰሪው ይለያያል። አንዱ የፓርቲውን ከፍተኛ ዕጩ ይወስዳል፣ ሌላው አማካይ ያወጣል። ሁለት ጋዜጣ ሁለት ቁጥር ቢጽፍ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

እግረ መንገዴን ስለ ፊደል ላንሳ። ወረቀቱ ላይ ዕጩዎች የሚደረደሩት በቤተሰብ ስም ፊደል ተራ ነው። አንድ ፓርቲ ሦስት ዕጩ ሲኖረው ከላይ ያለው ከታች ካለው ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ማግኘቱ የተለመደ ነው። መራጩ ከላይ ይጀምራል፣ አንድ ሁለት ምልክት አድርጎ ይደክመዋል። የእኛ ሰው ቢወዳደር የቤተሰብ ስም ተደርጎ የሚያዘው የአባቱ ስም ነው። ስለዚህ ዘሪሁን አበበ አናት ላይ ይወጣል፤ አበበ ዘሪሁን ግርጌ ላይ ይገኛል። አባት እንዲህም ይጠቅማል።

ወንበርና ድምፅ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ዌስትሚኒስተር በተባለው ቦሮ ላይ በደንብ ይታያል። በ2018 ኮንሰርቫቲቮች ወደ 43 ከመቶ፣ ሌበር ወደ 41 ከመቶ ድምፅ አገኙ። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ወንበሩ ግን 41 ለ19 ሆነ። ምክንያቱም የሌበር ደጋፊ በጥቂት ዋርዶች ተሰብስቦ ነው የሚኖረው። እዚያ በትልቅ ልዩነት ያሸንፋል፤ ትርፉ ድምፅ ግን ለሌላ ዋርድ አይተላለፍም። በዚያው ዓመት ዋንድስዎርዝ ውስጥ የባሰ ነገር ሆነ። ሌበር በድምፅ በጥቂቱ ቀደመ፣ ኮንሰርቫቲቭ ግን በወንበር 33 ለ26 አሸነፈ።

በ2022 ግን ግድቡ ተደረመሰ። ዋንድስዎርዝ ከ1978 ጀምሮ በኮንሰርቫቲቭ እጅ የነበረ ካውንስል ነው፤ 35 ለ22 ሆኖ ወደ ሌበር ሄደ። አንድ የግል ተወዳዳሪም ገባ። ባርኔት 41 ለ22 ለሌበር ሆነ። ዌስትሚኒስተር ደግሞ፣ ካውንስሉ በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመረጠ ወዲህ ከኮንሰርቫቲቭ እጅ ወጥቶ የማያውቀው፣ 31 ለ23 ተገለበጠ። የወንበሩ ቁጥር በመሀል ከ60 ወደ 54 ወርዷል፤ የዋርዶቹ ድንበርም እንደገና ተሰምሯል። ስለዚህ የ2018ንና የ2022ን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ በቀጥታ መቀነስ አይቻልም።

ዌስትሚኒስተር ለምን ተገለበጠ? ሁሉም የሚያነሳው የያኔውን ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰንን ነው። በኮሮና ጊዜ ሕዝቡ ቤቱ ተዘግቶበት ሳለ በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ድግስ ነበር። ጆንሰን ራሱ ምርጫው ሊካሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የፖሊስ ቅጣት ደረሰው። ግን ዌስትሚኒስተር የራሱ ጉድም ነበረው፤ እሱን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም።

በኮሮና ምክንያት ኦክስፎርድ ስትሪት ገበያው ቀዘቀዘ። ካውንስሉ ሰው ለመሳብ ማርብል አርች አጠገብ ኮረብታ ለመሥራት ወሰነ። አዎ፣ ኮረብታ። ከብረት መወጣጫና ከእንጨት የተሠራ፣ አፈርና ሣር የለበሰ፣ 25 ሜትር ከፍታ ያለው። በጁላይ 2021 ተከፈተ፤ ለመውጣት ትኬት ይሸጥ ነበር። የወጡት ሰዎች ያዩት የዛፎች አናትና የግንባታ ዕቃ ነው። ሣሩም ጠውልጎ ነበር። ወዲያው ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ተደረገ፣ መግቢያውም ነፃ ሆነ። ወጪው ግን ወደ 6 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር፤ መጀመሪያ ከታሰበው እጥፍ ገደማ። የካውንስሉ ምክትል መሪ ሥራቸውን ለቀቁ። ኮረብታው በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ተዘግቶ ፈረሰ። ከወራት በኋላ ሜይ ላይ ዌስት ኤንድ የሚባለው ሀብታም ዋርድ ሳይቀር ለሌበር ድምፅ ሰጠ። ምርጫውን ኮረብታው ብቻ ለወጠው አልልም። ግን «የካውንስል ታክሳችንን እንዲህ ነው የሚያጠፉት?» ለሚል ሰው ከሩቅ የሚታይ ማስረጃ ነበር። ለነገሩ ዌስት ኤንድም ቃሉን አልጠበቀም፤ በሴፕቴምበር 2024 በተካሄደ የማሟያ ምርጫ አንዱ ወንበር ወደ ኮንሰርቫቲቭ ተመልሷል።

አገራዊው ነፋስ ሁሉንም አልነካም። ሃሮው ውስጥ በዚያው ቀን የተገላቢጦሽ ሆኖ ኮንሰርቫቲቮች ካውንስሉን ከሌበር 31 ለ24 ነጠቁ። ክሮይደን ደግሞ ለብቻው ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የነበረው የሌበር ካውንስል በኖቬምበር 2020 በጀቱን ማመጣጠን እንደማይችል በይፋ አስታወቀ። ካውንስል እንደ ነጋዴ ባይከስርም የዚያ ያህል ነው፤ በሕግ ከሚገደድበት አገልግሎት በስተቀር አዲስ ወጪ ሁሉ ይቆማል። ነዋሪው ተቆጣ። በ2021 በሕዝበ ውሳኔ «መሪያችንን እኛው በቀጥታ እንምረጥ» አለ። ስለዚህ በ2022 ክሮይደኖች ሁለት ነገር መረጡ፤ የቦሮውን ከንቲባና የምክር ቤት አባላትን። ለከንቲባነት የኮንሰርቫቲቩ ጄሰን ፔሪ የሌበሯን ቫል ሾክሮስን በ589 ድምፅ ብቻ አሸነፉ። ምክር ቤቱ ግን ሌበር 34፣ ኮንሰርቫቲቭ 33፣ ግሪን 2፣ ሊበራል ዴሞክራት 1 ሆነ። ከ70 ወንበር ግማሹን ለማለፍ 36 ያስፈልጋል፤ ማንም አልደረሰም።

ውጤት ላይ «ኖ ኦቨራል ኮንትሮል» የሚል ሲያዩ ይህ ነው ትርጉሙ፤ ብቻውን የሚወስን ፓርቲ የለም። ሁለተኛዋ እንዲህ የሆነችው ሃቨሪንግ ናት። ከ55 ወንበር ኮንሰርቫቲቭ 23 አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ሆኖም ያኔ የካውንስሉ መሪ የሆኑት የነዋሪዎች ማኅበር ሰው ነበሩ፤ ማኅበሩ 20 ወንበር ይዞ ከሌበር ጋር ተጣመረ። አንደኛ መውጣትና መግዛት ይለያያል። በአብዛኛው ቦሮ መሪውን የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን ምክር ቤቱ ነው፤ መሪው ደግሞ ካቢኔውን ያዋቅራል። ክሮይደን፣ ሃክኒ፣ ሉዊሻም፣ ኒውሃምና ታወር ሃምሌትስ ብቻ ናቸው ከንቲባቸውን በቀጥታ የሚመርጡት።

ሰንጠረዡ ላይ ሌሎችም አጫጭር ቃላት አሉ። «ሆልድ» ማለት የነበረው ፓርቲ ወንበሩን ይዞ ቆየ፤ «ጌይን» ማለት ከሌላ ነጠቀ። «ተርንአውት» ከተመዘገበው መራጭ ስንቱ እንደወጣ ይናገራል። ይህችን ሳያዩ አይለፉ። በ2022 በአጠቃላይ ለንደን የወጣው ከሦስት ሰው ከአንዱ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ስለዚህ «ሕዝቡ ወሰነ» ሲባል የወሰነው ቤቱ ያልተቀመጠው ሕዝብ ነው።

ቤቱ የሚቀመጠው ሁሉ ግን ሰነፍ አይደለም፤ መምረጥ የማይፈቀድለትም አለ። ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። እንግሊዝ ውስጥ በአካባቢ ምርጫ የሚመርጡት የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ መኖሪያ ፈቃዱን ያሟሉ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አገር ዜጎችና የተወሰኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ የለችም፤ ኤርትራም የለችም። ስለዚህ ቋሚ መኖሪያ ይዞ 15 ዓመት የካውንስል ታክስ የከፈለ ኢትዮጵያዊ የብሪታንያ ዜግነት ካልወሰደ አይመርጥም። ባለፈው ዓመት ለማስተርስ የመጣው የናይጄሪያ ወይም የኬንያ ተማሪ ጎረቤቱ ይመርጣል። «ቅኝ ባለመገዛታችን ወረፋ ያዝን» ብሎ የሚቀልድ ሰምቻለሁ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግን በእንግሊዝ ያልተገዙት ሞዛምቢክና ሩዋንዳም ጠይቀው ገብተዋል፤ ዜጎቻቸውም ይመርጣሉ።

ከጣሊያን ወይም ከስዊድን ዜግነት ይዘው ወደ ለንደን የተሻገሩ ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው። ሕጉ ከ2024 ጀምሮ ጠብቋል። እስከ 2020 መጨረሻ እዚህ በሕጋዊ መንገድ ይኖሩ የነበሩት መብታቸው አልተነካም፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ብሪታንያ ስምምነት ያላት አገር ዜጋ መሆን አለባቸው፤ ጣሊያንና ስዊድን ደግሞ እዚያ ውስጥ የሉም። የሚገርመው ካርዲፍ ወይም ግላስጎው ብትሆኑ ነው። ዌልስና ስኮትላንድ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ማንኛውም የውጭ ዜጋ በአካባቢ ምርጫ እንዲመርጥ ፈቅደዋል። ያው ሰው፣ ያው ፓስፖርት፤ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ካርዲፍ ሁለት ሰዓት ያህል ሄዶ ቢኖር መራጭ ይሆናል። መመዝገብ ግን የራስ ሥራ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከ2023 ወዲህ ምርጫ ጣቢያ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያስፈልጋል።

ወዳጄን ወደ ጀመርንበት ልመልሰው። እሱ ዜግነት አለው፣ በ2022ም መርጧል። 54 ለባዶ የሚለውን ትተን የራሱን ዋርድ ውጤት እንዲከፍት ነገርኩት፤ በየካውንስሉ ድረ ገጽ ዋርድ በዋርድ ይገኛል። ማየት ያለበት ሦስተኛ የወጣውንና አራተኛ የቀረውን ነው። ወንበሩ የተወሰነው በእነሱ መካከል ነው። ጣቱን በስሞቹ ላይ ወደ ታች እየሳበ የመረጣትን ሴትዮ ፈልጎ አገኘ። ገብታለች። «ሁለተኛና ሦስተኛ ምልክትህንስ ለማን ሰጠህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ሦስት መምረጥ ይቻል ነበር እንዴ?»